ስልክ ቁጥርን መቀየር የማይፈታው ችግር፦ የሚረብሹና የሚያስፈራሩ ጥሪዎች አያያዝ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች

በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በጌዶ ወይም በባኮ የሚኖር ሰው ካልታወቀ ቁጥር በተደጋጋሚ ሲደወልበት፣ ሲሰደብ ወይም ሲዛትበት በቅርብ ካሉ ሰዎች ዘወትር የሚሰማው ምክር «ሲሙን ጣልና ሌላ አውጣ» የሚል ነው። ምክሩ ከቅንነት የመነጨ ነው፤ ፈጣንና ርካሽም ይመስላል። ይሁን እንጂ ቁጥሩን የቀየረ ሰው ከሚያስፈራራው ይልቅ ራሱን ይቀጣል፤ ከዚህም በላይ ነገሩ ወደ ሕግ ቢሄድ የሚያስፈልገውን ማስረጃ በገዛ እጁ ያጠፋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሚረብሹና የሚያስፈራሩ የስልክ ጥሪዎች በኢትዮጵያ ሕግ እንዴት እንደሚታዩ ማብራራትና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ተጨባጭ ሁኔታ ጥሪው የደረሰው ሰው ምን ቢያደርግ ይበጃል የሚለውን ማሳየት ነው። የጽሑፉ ዋና ነጥብ አንድ ነው፦ የአንድ የዛቻ ጥሪ ማስረጃ ሁለት ግማሽ አለው። «ከዚህ ቁጥር ወደዚህ ቁጥር፣ በዚህ ሰዓት፣ ለዚህን ያህል ጊዜ ተደወለ» የሚለው ግማሽ በቴሌኮም ኩባንያው መዝገብ ይገኛል። «ምን ተባለ» የሚለውን ግማሽ ግን ከተቀባዩ በቀር የሚይዘው የለም። ሁለቱም ግማሾች የጊዜ ገደብ ስላላቸው፣ የጉዳዩን ውጤት በአብዛኛው የሚወስነው የሕጉ ጥብቅነት ሳይሆን ተቀባዩ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያደርገው ነገር ነው።

1. ሁሉም ጥሪ አንድ አይደለም

ጥሪዎቹን በአንድነት «ረባሽ ስልክ» ብሎ ማለፍ ለመፍትሔው እንቅፋት ይሆናል። ቢያንስ አራት ዓይነቶችን መለየት ይገባል።

የመጀመሪያው ሚስኮልና የዝምታ ጥሪ ነው። ሚስኮል በአገራችን ብዙ ጊዜ ክፉ ነገር አይደለም፤ ሒሳብ ያለቀበት ሰው «ደውልልኝ» የሚልበት ርካሽ ቋንቋ ነው። ሆኖም ከአንድ ቁጥር ሌሊት ሌሊት እየተደወለ የሚቋረጥ ወይም ተነሥቶ ድምፅ የማይሰማበት ጥሪ ሲደጋገም መልእክቱ ይለወጣል፤ «የት እንዳለሽ አውቃለሁ» የማለት ያህል ይሆናል። በተከራየችው ክፍል ብቻዋን ለምታድር ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ከውጭ አገር ቁጥር አንድ ጊዜ ጠርቶ የሚቋረጠው ጥሪ ነው። በዓለም ዙሪያ «ዋንጊሪ» በሚል የጃፓንኛ ስም ይታወቃል፤ ትርጉሙም «አንዴ ጠርቶ መቁረጥ» ነው። ዓላማው ማስፈራራት ሳይሆን ተቀባዩ መልሶ እንዲደውል ማድረግ ነው፤ መልሶ ሲደውል ጥሪው ከፍተኛ ዋጋ ወደሚያስከፍል መስመር ይገባና ከክፍያው ላይ አጭበርባሪው ድርሻውን ይወስዳል። መፍትሔውም አጭር ነው፦ መልሶ አለመደወል።

ሦስተኛው የማጭበርበር ጥሪ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013፣ ኤም ፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ስልክ ቁጥር የገንዘብ ሒሳብ ሆኗል። «በስሕተት ብር ልኬብሃለሁና መልስልኝ»፣ «ሽልማት ደርሶሃል፣ የምስጢር ቁጥርህን ንገረኝ» የሚሉ ጥሪዎች የሚመጡት በዚሁ ምክንያት ነው። አንዳንዶቹ በልመና ጀምረው ተቀባዩ እምቢ ሲል ወደ ዛቻ ይለወጣሉ።

አራተኛው ዛቻ ነው። ዛቻ የቀድሞ የፍቅር ጓደኛ፣ ባለዕዳ፣ የመሬት ወይም የውርስ ባላንጣ ወይም ጨርሶ ያልታወቀ ሰው ሊያደርሰው ይችላል። በዚህ ውስጥ እጅግ የከፋው ከእገታ ጋር የተያያዘው ነው። በሰኔ 2016 መጨረሻ በሰሜን ሸዋ ገብረ ጉራቻ አካባቢ የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጨምሮ በርካታ ተሳፋሪዎች ሲታገቱ ለቤተሰቦቻቸው የማስለቀቂያ ገንዘብ ጥያቄ በስልክ ይቀርብላቸው እንደነበር ቤተሰቦቻቸው ለመገናኛ ብዙኃን ተናግረዋል። ልጁን ወደ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ የላከ ወላጅ ካልታወቀ ቁጥር ሲደወልለት የሚሰማው ድንጋጤ ከእንዲህ ዓይነት ክስተት ተነጥሎ ሊታይ አይችልም። አጭበርባሪዎችም ይህንኑ ድንጋጤ ስለሚያውቁ ያልታገተን ሰው «አግተነዋል» ብለው ገንዘብ ለመጠየቅ ይጠቀሙበታል።

2. ሕጉ ምን ይላል?

ከግንቦት 1997 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 580 ዛቻን ወንጀል አድርጎ ደንግጓል። አንድ ሰው ሌላውን በከባድ አደጋ ወይም ጉዳት በማስፈራራት ለፍርሃት ወይም ለመረበሽ ከዳረገው በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ክሱ የሚንቀሳቀሰው ተበዳዩ የግል አቤቱታ ሲያቀርብ ብቻ መሆኑ ነው። ተበዳዩ ዝም ካለ ሕጉም ዝም ይላል። የሚጠየቀው ገንዘብ ከሆነ ወይም ምስጢር አወጣለሁ ተብሎ የሚዛት ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ በማስፈራራት ጥቅም ማግኘትን ወደሚመለከቱት ከበድ ያሉ ድንጋጌዎች ይሻገራል።

የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 13 ሌላ በር ይከፍታል። በኮምፒዩተር ሥርዓት አማካይነት ጽሑፍ፣ ድምፅ፣ ምስል ወይም ቪዲዮ በማሰራጨት ሌላውን ሰው ወይም ቤተሰቡን በከባድ አደጋ ያስፈራራ ሰው ከሦስት ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት፣ ነገሩ ከባድ ሲሆን ከአምስት ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ስለ ተበዳዩ ወይም ስለ ቤተሰቡ መረጃ በመላክ ወይም በተደጋጋሚ በማስተላለፍ፣ ወይም ግንኙነቱን በመከታተል ፍርሃት፣ ስጋት ወይም የሥነ ልቦና ጫና የፈጠረ ሰው ላይ ቅጣቱ ከዚህ ይከብዳል፤ ከአምስት ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት፣ በከባድ ሁኔታም ከአሥር ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ከዚህ በተጨማሪ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 የቴሌኮም መረብን ከሽብር ጋር ለተያያዘ የማስፈራሪያ መልእክት ወይም በወንጀል ሕጉ ለሚያስቀጣ ጸያፍ መልእክት መጠቀምን ይከለክላል።

በእነዚህ ሕጎች መካከል ሁለት የትርጓሜ ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው በቀጥታ የድምፅ ጥሪ የተሰማ ዛቻ በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ሥር ይወድቃል ወይ የሚለው ነው። በአጭር የጽሑፍ መልእክት፣ በቴሌግራም ወይም በተቀዳ ድምፅ የተላከ ዛቻ ከአዋጁ ቃላት ጋር በግልጽ ይገጥማል። አዋጁ ለኮምፒዩተር ሥርዓት የሰጠው ትርጉምም ሰፊ ነው፤ መረጃን የሚያቀናብር፣ የሚያከማችና የሚያስተላልፍ መሣሪያን ስለሚያካትት ተንቀሳቃሽ ስልክ ከዚያ ውጭ ነው ለማለት ይከብዳል። ሆኖም ድንጋጌው የቆመው «ማሰራጨት» በሚለው ግስ ላይ ነው፤ ሁለት ሰዎች ብቻ የሚሰሙትና ሲያበቃ የሚጠፋ ንግግር «ተሰራጨ» ይባላል ወይ? ለዚህ ጸሐፊ እንደሚመስለው ለቀጥታ ጥሪ ይበልጥ የሚገጥመው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 580 ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የዝምታ ጥሪ ነው። አንቀጽ 580 የሚፈልገው ዛቻን ነው፤ ምንም ያልተናገረ ሰው ዛተ ማለት ይቻላልን? አዋጅ ቁጥር 958/2008 በበኩሉ ስለ ተበዳዩ የሚተላለፍ መረጃን ይጠይቃል። በእንግሊዝ ተመሳሳይ ጥያቄ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1997 የሎርዶች ምክር ቤት በአየርላንድና በበርስቶው መዝገቦች ውሳኔ ሰጥቶበታል። ተከሳሹ ወደ ሦስት ሴቶች በተደጋጋሚ፣ በአብዛኛውም በሌሊት፣ እየደወለ ዝም ይል ነበር፤ ምክር ቤቱ ዝምታውም ቢሆን ወንጀል ሊሆን እንደሚችልና የደረሰባቸው የአእምሮ ሕመም እንደ አካል ጉዳት ሊቆጠር እንደሚችል ወሰነ። በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የኮሙኒኬሽን ሕግ ሌላውን ለማስቸገር ወይም ለማስጨነቅ ሲባል የመገናኛ መረብን ያለማቋረጥ መጠቀምን ራሱን የቻለ ጥፋት አድርጎታል። በእኛ ሕግ ለመደጋገሙ ብቻ ራሱን የቻለ ግልጽ ድንጋጌ አለመኖሩ፣ ለወደፊት የሕግ ማሻሻያ ሊታይ የሚገባው ክፍተት ነው። እስከዚያው የዝምታ ጥሪ የደረሰው ሰው ጉዳዩን ሊያጠናክር የሚችለው ድግግሞሹንና ከሌላ ነገር ጋር ያለውን ትስስር በማሳየት ነው፤ ለምሳሌ ጥሪው የመጣው ከፊት ለፊት ዛቻ በኋላ መሆኑን።

የትኛው ሕግ ይጠቀሳል የሚለው በዳኝነት ሥልጣንም ላይ ለውጥ ያመጣል። አዋጅ ቁጥር 958/2008 የመጀመሪያ ደረጃ ዳኝነቱን ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሰጥቷል፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት ደግሞ የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን በውክልና ይሠራል። በወንጀል ሕጉ የሚታይ ቀላል የዛቻ ጉዳይ ግን በአቅራቢያ ባለ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል። ተበዳዩ ይህንን ራሱ መምረጥ አይጠበቅበትም፤ ሕጉን የሚመርጠው ዐቃቤ ሕግ ነው። ከተበዳዩ የሚጠበቀው የተሟላ ፍሬ ነገር ማቅረብ ነው።

3. ሦስት የጊዜ ገደቦች

ጥሪ በደረሰበት ቅጽበት ሦስት የጊዜ ገደቦች መቆጠር ይጀምራሉ።

አንደኛው በስልኩ ውስጥ ያለው የጥሪ ዝርዝር ነው። ስልክ የቆዩ ጥሪዎችን በአዳዲሶቹ እየተካ ያጠፋል፤ በርካሽ ስልኮች ላይ ዝርዝሩ አጭር ስለሆነ ብዙ ጥሪ የሚቀበል የጉደር ወይም የጊንጪ ነጋዴ ዝርዝሩ በጥቂት ቀናት ሊታጠብ ይችላል። ስልኩ ቢሰረቅ ወይም ሲሙ ቢጣል ደግሞ ያለው ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

ሁለተኛው የአቤቱታ ጊዜ ነው። በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጡ ወንጀሎች ላይ ተበዳዩ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀ በኋላ አቤቱታውን በሦስት ወር ውስጥ ማቅረብ አለበት። ሦስት ወር ረጅም ይመስላል፤ ነገር ግን «ይተወኝ ይሆናል» ተብሎ ሲጠበቅ፣ ዘመድ ሲማከር፣ ሽማግሌ ሲላክ ሳይታወቅ ያልቃል።

ሦስተኛው የኩባንያው መዝገብ ነው። አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያስገድዳል። የትራፊክ ዳታ ማለት የግንኙነቱ መነሻና መድረሻ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና ቆይታው ነው። የተነገረው ቃል በውስጡ የለም። ብዙ ሰው «ቴሌ ሁሉንም ቀድቶ ይዞታል» ብሎ ያምናል፤ በዚህ እምነት ተማምኖ የተባለውን ቃል ሳይጽፍ የቀረ ሰው ፍርድ ቤት ሲቀርብ በእጁ የሚቀረው «አስፈራራኝ» የሚል አጠቃላይ ቃል ብቻ ነው።

4. «ምን ተባለ» የሚለውን መያዝ

ተቀባዩ ሊይዘው የሚገባ ማስታወሻ የተወሳሰበ አይደለም። በአንድ ደብተር ላይ ለእያንዳንዱ ጥሪ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የደወለውን ቁጥር፣ ጥሪው የቆየበትን ጊዜ፣ የተባለውን ቃል፣ ከጀርባ የተሰማ ድምፅ ካለ እርሱን፣ በአጠገብ የነበረ ሰው ካለም ማንነቱን መመዝገብ ይበቃል። ከሁሉም በላይ መጻፍ ያለበት ጥሪው እንዳበቃ ነው፤ ፍርሃት ያደረበት አእምሮ ከሳምንት በኋላ የሚያስታውሰው ፍርሃቱን እንጂ ቃሉን አይደለም።

ሦስት ነገሮች የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። የመጀመሪያው ሰዓት ነው። እኛ «ማታ ሁለት ሰዓት ከሩብ» የምንለውን የስልኩና የኩባንያው መዝገብ 20:15 ብሎ ይይዘዋል። «ሁለት ሰዓት» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ማስታወሻ ከመዝገቡ ጋር ሲነጻጸር ላይገጥም ይችላል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ጥሪ ደግሞ የባሰ ያሳስታል፤ «ሰኞ ሌሊት በሰባት ሰዓት» የተደወለው በስልኩ ላይ ማክሰኞ 01:00 ሆኖ ይታያል። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ ኅዳር 10 ቀን 2017 በመዝገቡ ኖቬምበር 19 ቀን 2024 ተብሎ ይገኛል። ስለዚህ በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ ያስፈልጋል። ይህ ጥቃቅን የሚመስል ልዩነት እውነተኛውን ምስክርነት የተፈጠረ ሊያስመስለው ይችላል።

ሁለተኛው ቋንቋ ነው። በአምቦና በአካባቢው አንድ ሰው በአፋን ኦሮሞ ጀምሮ በአማርኛ መጨረሱ፣ ወይም በተቃራኒው መሆኑ የተለመደ ነው። ዛቻ በተርጓሚ እጅ ሲያልፍ ወይ ይለሰልሳል ወይ ይጋነናል። «ሲን አርጋ» የሚለውን የአፋን ኦሮሞ ቃል እንውሰድ፤ በአማርኛ «አገኝሃለሁ» ማለት ነው። በሁለቱም ቋንቋዎች ይህ ቃል የወዳጅ ቀጠሮም የጠላት ዛቻም ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚያሳየው ከፊቱና ከኋላው የተነገረው፣ ድምፁና በሰዎቹ መካከል የነበረው ታሪክ ነው። በመሆኑም ቃሉ በተነገረበት ቋንቋ እንዳለ ተጽፎ ዐውዱ አብሮ መመዝገብ አለበት። አጭር መልእክት ከሆነም ሳይሰረዝ ፎቶ ተነሥቶ መቀመጥ አለበት፤ ዋናው መልእክት ከስልኩ ላይ ሊጠፋ አይገባም። የኤሌክትሮኒክ ማስረጃን እውነተኛነት የማስረዳት ሸክሙ በአቅራቢው ላይ ስለሆነ ዋናው ሲኖር ሸክሙ ይቀላል።

ሦስተኛው መልስ ነው። ተቀባዩ ተናዶ መልሶ ቢሳደብ ወይም ቢዝት ራሱም ተከሳሽ የሚሆንበትን መንገድ ይከፍታል፤ ስድብና ዛቻ በሁለቱም ወገን ወንጀል ናቸውና። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በረጋ ድምፅ፣ «ከዚህ በኋላ አትደውልልኝ» ማለት ግን ይጠቅማል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥሪ ሁሉ ተቀባዩ እንደማይፈልገው እየታወቀ የተደረገ ይሆናል። በማንኛውም ሁኔታ ስምን፣ የመኖሪያ ሰፈርን ወይም የሚሄዱበትን ሰዓት ላልታወቀ ደዋይ መንገር አይገባም።

5. ቁጥር ሰው አይደለም

ማስታወሻው ቁጥሩን ከያዘ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚከተለው «ቴሌ የሚሠራ ዘመድ ፈልገህ የማን እንደሆነ አስጠይቅ» የሚል ሐሳብ ነው። ይህ በሁለት ምክንያት አደገኛ ነው።

አንደኛ፣ ሕገ ወጥ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች የሚደረጉ ግንኙነቶችን ምስጢርነት ይጠብቃል፤ በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የደንበኞችን መረጃ ያለ አግባብ አሳልፎ መስጠትን ይከለክላል። የቁጥሩን ባለቤት ማንነት ከኩባንያው መጠየቅ የሚችሉት በሕጋዊ ሥርዓት የሚንቀሳቀሱት ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ናቸው። የዛሬው ተበዳይ በጓዳ ያገኘውን መረጃ ነገ ደግሞ አስፈራሪው በዚያው መንገድ ስለ እርሱ ያገኘዋል።

ሁለተኛ፣ መረጃው ሊያሳስት ይችላል። ሲም ካርድ በስም እንዲመዘገብ የሚያስገድድ መመሪያ ቢኖርም አንዱ በስሙ ያወጣውን ሌላው ሲጠቀምበት፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ወይም ሲሰረቅ ይታያል። ከዚህም ሌላ «ሲም ቦክስ» የሚባለው መሣሪያ ከውጭ አገር የሚመጣን ጥሪ በአገር ውስጥ ሲም በኩል ስለሚያሳልፈው ተቀባዩ ስልክ ላይ የአገር ውስጥ ቁጥር ይታያል። አዋጅ ቁጥር 761/2004 ከወጣባቸው ምክንያቶች አንዱ እንዲህ ዓይነቱን ማጭበርበር መከላከል ነበር። በመሆኑም በስልኩ ላይ የታየው ቁጥር የምርመራ መነሻ እንጂ የጥፋተኛው ስም አይደለም። በቁጥር ብቻ ተነሥቶ የሰው ደጃፍ የሚሄድ ቤተሰብ ንጹሕ ሰው ላይ ጥቃት ሊያደርስና ተበዳይ የነበረው ወገን በዳይ ሊሆን ይችላል።

ሲምን መቀየር ከጥቅሙ ጉዳቱ የሚያመዝነውም በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ቁጥሩ ከቴሌብር፣ ከባንክ ሒሳብ፣ ከዩኒቨርሲቲ ምዝገባና ከፋይዳ መታወቂያ ጋር የተያያዘ ነው። ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥርም ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ስለሚችል ከአሮጌው ቁጥር ጋር የቀረ ግንኙነት ሁሉ በማይታወቅ ሰው እጅ ይወድቃል። ደዋዩ የሚያውቀው ሰው ከሆነ ደግሞ አዲሱን ቁጥር ከጋራ ወዳጅ ለማግኘት ቀናት አይፈጅበትም። የተሻለው መንገድ አሮጌውን ቁጥር ማስረጃው እስኪሰበሰብ ይዞ ማቆየት፣ ለዕለት ግንኙነት አስፈላጊ ከሆነም ሁለተኛ ቁጥር መጨመር ነው። የደዋዩን ቁጥር በስልኩ ማገድም ቢሆን ጥሪዎቹ ከተመዘገቡ በኋላ የሚደረግ ነው፤ በሕይወት ላይ ዛቻ በመጣበት ጊዜ ደግሞ ከማገድ በፊት ፖሊስን ማማከር ይቀድማል፤ ቀጣዩ ጥሪ የሚሰጠው ፍንጭ ሊኖር ይችላልና።

6. ሽምግልናና የሦስት ወሩ ገደብ

በምዕራብ ሸዋ የታወቀ ደዋይ ያለበት ጉዳይ ፖሊስ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ብዙ ጊዜ በሽማግሌዎች፣ በአፋን ኦሮሞ «ጃርሱማ» በሚባለው ሥርዓት ይታያል። ክልሉም በቅርብ ዓመታት ለባህል ፍርድ ቤቶች በአዋጅ እውቅና ሰጥቷል። ሽምግልናው ዕዳን፣ የድንበር ጠብንና የጎረቤት ኩርፊያን በማብረድ ረገድ ፍርድ ቤት የማይተካው ጥቅም አለው፤ ደዋዩ በአደባባይ ጥፋቱን አምኖ ዋስ ሲጠራ ጥሪው በእርግጥ ሊቆም ይችላል።

ችግሩ የሚመጣው ሽምግልናው ጊዜ ሲወስድና ዛቻው ሲቀጥል ነው። ለማብራሪያ ያህል አንዲት ተማሪ የቀድሞ ጓደኛዋ በየሌሊቱ እየደወለ ይዝትባታል እንበል። ቤተሰብ ነገሩ «ስም እንዳይጠፋ» ብሎ ሽማግሌ ይልካል፤ ልጁ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ከአንድ ወር በኋላ በሌላ ቁጥር ይጀምራል፤ ሽማግሌዎቹ እንደገና ይቀመጣሉ። በዚህ መካከል ለመጀመሪያዎቹ ዛቻዎች የተሰጠው የሦስት ወር ጊዜ ያልፋል፤ ያለ ማስታወሻ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ጋር መያያዙን የሚያሳይ ነገር አይኖርም። ስለዚህ ሽምግልናው ቢመረጥ እንኳ ሦስት ነገሮች ቢሟሉ ይበጃል፦ ማስታወሻው እንደቀጠለ ይቆይ፤ የስምምነቱ ቃልና ቀን በጽሑፍ ይያዝ፤ የሦስት ወሩ ገደብ ሳያልፍ አቤቱታ የማቅረቡ ጉዳይ በተበዳይዋ ፈቃድ እንጂ በሽማግሌዎች ቀጠሮ አይወሰን። በሕይወት ላይ የመጣ ዛቻ፣ ጾታዊ ጥቃትና የማስለቀቂያ ገንዘብ ጥያቄ ግን ከሽምግልና በፊት ወደ ፖሊስ መሄድ ያለባቸው ጉዳዮች ናቸው።

7. የተግባር ቅደም ተከተል

ከላይ የተባለው ሲጠቃለል ተቀባዩ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ቢይዝ ሁለቱም የማስረጃ ግማሾች ሳይጠፉ ይቆያሉ።

በመጀመሪያው ቀን ጥሪው ከአራቱ ዓይነቶች የትኛው እንደሆነ ይለይ። ዋንጊሪ ከሆነ መልሶ አይደወል፤ ማጭበርበር ከሆነ የምስጢር ቁጥር አይነገር፣ ገንዘብ አይላክ፤ ለኢትዮ ቴሌኮም በ994፣ ለሳፋሪኮም በ700 ይነገር። ዛቻ ከሆነ ቃሉና ሰዓቱ ወዲያው ይጻፍ፣ የጥሪው ዝርዝር ፎቶ ይነሣ፣ ለአንድ ለሚታመን ሰው ይነገር። የተነገረው ሰው ምስክር ስለሚሆን ምስጢር አድርጎ ብቻን መሸከም ለደዋዩ ይጠቅማል እንጂ ለተቀባዩ አይጠቅምም።

ጥሪው ሲደጋገም ማስታወሻውን ይዞ ወደ ከተማው ፖሊስ መሄድ ይገባል። ተማሪ ከሆነች የዩኒቨርሲቲው የሥርዓተ ፆታ ክፍልና የግቢው ጥበቃ እንዲያውቁት ይደረግ። አቤቱታው ላይ የተጠረጠረ ሰው ካለ ለምን እንደተጠረጠረ ይጻፍ እንጂ «እርሱ ነው» ተብሎ አይደምደም። ከሁሉም በላይ ፖሊስ የትራፊክ ዳታውን በሕጋዊ መንገድ እንዲጠይቅ የጥሪዎቹ ቀንና ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር ተዘርዝሮ ይቅረብ። ኩባንያው መረጃውን የማቆየት ግዴታ ያለበት ለአንድ ዓመት በመሆኑ ይህ ጥያቄ ባይዘገይ ይመረጣል።

«ዘመድህን አግተናል» የሚል ጥሪ ሲደርስ ገንዘብ ከመላክ በፊት ታገተ የተባለውን ሰው በራሱ ስልክ፣ አብረውት በሚኖሩት ወይም በሚማርበት ተቋም በኩል ለማግኘት መሞከር ያስፈልጋል። ደዋዩ «ለማንም እንዳትናገር» ማለቱ የታወቀ ስልት ነው፤ ለፖሊስና ለቤተሰብ ታላላቆች ሳይነገር የሚደረግ ድርድር ሁሉ አንድን የደነገጠ ሰው ብቻውን ከደዋዩ ጋር ያፋጥጣል።

ማጠቃለያ

የሚያስፈራራ ሰው የሚተማመንበት ነገር ጥሪው ሲያበቃ ቃሉ አየር ላይ ተኖ መቅረቱ ነው። ሲም መቀየር ይህንን እምነቱን ያጸናለታል፤ ቀንና ሰዓት የያዘ አንድ ገጽ ማስታወሻ ግን ያፈርስበታል። በሕግ በኩል ለዝምታና ለተደጋጋሚ ረባሽ ጥሪ ግልጽ ድንጋጌ ቢጨመር፣ በአገልግሎት ሰጪዎች በኩል ደግሞ ተቀባዩ አንድ አጭር ኮድ በመጫን ጥሪው በኩባንያው መዝገብ ለምርመራ ምልክት እንዲደረግበት የሚያስችለውና በሌሎች አገሮች «የተንኮል ጥሪ መለያ» ተብሎ የሚታወቀው አገልግሎት ቢስፋፋ የተበዳዩ ሸክም ይቀላል። እነዚህ እስኪመጡ ግን «ምን ተባለ» የሚለውን ግማሽ ማስረጃ ለመያዝ የሚያስፈልገው እስክሪብቶ፣ ደብተርና ሳያድር የመጻፍ ልማድ ነው። በየትምህርት ክፍሉና በየመኝታ ሕንጻው ለአዲስ ተማሪዎች በሚሰጠው ገለጻ ላይ ይህ ነጥብ በአምስት ደቂቃ ቢነገር ብዙ ጉዳዮች የሦስት ወሩ ገደብ ሳያልፍባቸው ሰሚ ያገኛሉ።